ሆድ ይፍጀው የማይል ሞተር

“ሆድ ይፍጀው” ይላል የአገራችን ሰው፤ የሚናገረው በዝቶ የሚሰማው ሲያጣ። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። የቻለውን ያህል ይችላል፤ የተረፈው በእንቅልፍ ማጣት፣ በብስጭት፣ አንዳንዴም ባልተጠበቀ ሰዓት ባልተጠበቀ ሰው ላይ በሚወርድ ቁጣ ይወጣል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ሰው ሆድ አይደለም (እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን)። የምናወራው ስለ ሞተር ሳይክል ሆድ ነው።

“ምነው፣ ርእስ ጠፋ?” የምትሉን እንደምትኖሩ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን። በዚህ ሆድ ውስጥ በሚታመቅ አየር ሰበብ ስመ ጥር ፋብሪካዎች የቀልድ መነሻ ሆነዋል። የዚሁኑ አየር ምስጢር ይዞ አንድ ተወዳዳሪ የበርሊን ግንብ በቆመ በወሩ አገሩን ጥሎ ኮብልሏል። መካኒክ አይደለንም፤ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ጋዜጠኛ ደግሞ “ይሄ ነገር ለምን ያፈስሳል?” ብሎ ከጠየቀ ወዲያ መመለሻ የለውም። እነሆ ጠየቅን። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።)

ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

መጀመሪያ ሆዱን እንተዋወቅ። ብዙዎቻችን ስለ ሞተር ስናስብ የሚታየን ከላይ ያለው ነው፦ ሲሊንደሩ፣ ካንዴላው፣ ቤንዚኑ የሚነድበት ቦታ። ፒስተኑ እዚያ ይገፋና ወደ ታች ይወርዳል፤ ተመልሶም ይወጣል። ከፒስተኑ ሥር ግን ሌላ ክፍል አለ። የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ የሚኖርበት፣ ዘይት የሚረጭበት ዝግ የብረት ሳጥን ነው። ባለሙያዎቹ ክራንክኬዝ ይሉታል። እኛ ለዛሬ “ሆድ” ብለነዋል።

ይህ ሆድ በሁለት ምክንያት ይነፋል። አንደኛው ፍሳሽ ነው። በፒስተኑ ዙሪያ መካኒኮቻችን “ፋሻ” የሚሏቸው ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ። ሥራቸው ከላይ የሚነደው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ መከልከል ነው። አዲስ ቢሆኑም እንኳ ሙሉ በሙሉ አይከለክሉም። በእያንዳንዱ ቃጠሎ ትንሽ ጋዝ ሾልኮ ወደ ሆድ ይወርዳል። ፋሻው ባረጀ ቁጥር ሹልኩ ይበዛል። “ሞተሩ ዘይት ይበላል” የሚባለው ሕመም አንዱ መንስኤም ይኸው ያረጀ ፋሻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይገርማል፤ ፒስተኑ ራሱ ወናፍ ነው። የአንጥረኛን ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ፒስተኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ሲወጣ ደግሞ ይስባል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ይህ ወናፍ በሰከንድ 100 ጊዜ ይነፋል፣ 100 ጊዜ ይስባል። ይህን ሁሉ ትንፋሽ በዝግ ሳጥን ውስጥ አስቡት። ሳጥኑ ባዶ ቢሆን ባልከፋ። ውስጡ ግን የጋለ፣ የቀጠነ፣ ቀዳዳ ፈላጊ ዘይት አለ። ግፊቱ መውጫ ካጣ ዘይቱን ፊት ፊት እየነዳ በጋስኬቱ፣ በስፌቱ፣ በዘንጉ ጫፍ ይወጣል።

ስለዚህ ሞተር ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሆዱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ያበጃሉ። ብልሆቹ ደግሞ ቀዳዳው ላይ በር ይገጥማሉ፦ ትንፋሹ ሲወጣ የሚከፈት፣ ሊገባ ሲል የሚዘጋ። በሩ በደንብ ከሠራ ሆዱ በአማካይ ከውጭው አየር ትንሽ ያነሰ ግፊት ይኖረዋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ወደ ውጭ ከመሰደድ ይልቅ እቤቱ መቀመጥ ይመርጣል። በሩ ከጠበበ፣ ከዘገየ ወይም ከተደፈነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ማፍሰስ ነውር ባልነበረበት ዘመን

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሞተር ሳይክል ዘይት ቢያፈስ የሚገረም አልነበረም፤ የሚያፈሰው ታስቦበት ነበርና። ያኔ ዘይት እየተዘዋወረ ደግሞ ደጋግሞ አይሠራም። ነጂው እየሄደ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው እጁ ትንሽ ፓምፕ እየገፋ አንድ ጉርሻ ዘይት ወደ ሆዱ ይልካል። ዘይቱ እዚያ ተረጭቶ ማለስለሱን ካለሰለሰ በኋላ ከፊሉ ይቃጠላል፤ ከፊሉ ከትንፋሹ ጋር ተግ እያለ መንገድ ላይ ይቀራል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች መተንፈሻው ወደ ሰንሰለቱ እንዲዞር ይደረግ ነበር፤ የሚጣለው ዘይት ቢያንስ ሰንሰለት ያለስልስ ተብሎ። ቁጠባ ከመትፋት ጋር አብሮ ሲኖር ማለት ይኸው ነው።

የ1920ዎቹ መጨረሻና 1930ዎቹ ይህን ልማድ ለወጡት። ዘይቱ በፓምፕ እየተገፋ ሞተሩን ዞሮ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ ጀመረ። ዘይት “የሚጣል” መሆኑ ቀርቶ “የሚኖር” ሆነ። የሚኖር ነገር ደግሞ ቤቱ መዘጋት አለበት። የሆድ ትንፋሽ ራስ ምታት መሆን የጀመረውም ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱን ዝጋ፣ ትንፋሹን ግን አስወጣ፤ ትንፋሹን አስወጣ፣ ዘይቱን ግን አስቀር። እንቆቅልሹ ይህ ነው።

ተቃቅፈው የሚወርዱ መንትዮች

በ1937 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ተርነር ለትሪያምፍ ኩባንያ ስፒድ ትዊን የተባለውን ሞተር ሳይክል አቀረበ። 498 ሲሲ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች። ሞተሩ ቀላል፣ ጠባብና ቆንጆ ስለነበር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች በተለመዱበት ገበያ ላይ እንደ ወንጌል ተሰበከ። ከጦርነቱ በኋላ ቢኤስኤ፣ ኖርተን፣ ሮያል ኢንፊልድ፣ ማችለስ ሁሉም በየፊናቸው የራሳቸውን “መንትያ” አወጡ። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ማለት ለአንድ ትውልድ ያህል ይህ መልክ ሆነ።

ተርነር አንድ ምርጫ መርጦ ነበር። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አንዱ ሲነድ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ እኩል የተመጠነ ምት ይሰማል፤ አንድ ካርቡራተርም ለሁለቱም በእኩል ያዳርሳል። ዕዳው ያለው ከሥር ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲወርዱ ሆዱ ውስጥ ያለውን አየር አንድ ላይ ይጨምቁታል። ሁለት ወናፍ በአንድ ጊዜ ተረገጠ ማለት ነው።

ተርነርና ጓደኞቹ ይህን አላጡትም። በትሪያምፍ መንትያ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ማንቀሳቀሻው ዘንግ ጫፍ ላይ የምትዞር ትንሽ ዲስክ ነበረች። ፒስተኖቹ ሲወርዱ ቀዳዳዋን ትከፍታለች፣ ሲወጡ ትዘጋለች። ለ498 ሲሲና ለጊዜው ፍጥነት ብልህ መፍትሔ ነበር።

ከዚያ ግን አሜሪካ መጣች። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ዶላር ትፈልግ ነበር፤ የአሜሪካ ገዢ ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። በ1949 ትሪያምፍ ሞተሩን ወደ 649 ሲሲ አሳደገው። በ1959 ቦነቪል መጣ፤ በሁለት ካርቡራተር ይበልጥ የተቆጣ። የኖርተን መንትያ በ497 ተጀምሮ በ1962 ወደ 745፣ በ1973 ወደ 828 ሲሲ ደረሰ። ጉልበቱ አደገ፣ ፍጥነቱ አደገ፣ በየዙሩ የሚጨመቀው አየር ከግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ አልፎ ሄደ። የሞተሩ ንድፍ መሠረት ግን ያው የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ነበር። ልጁ ጎረመሰ፣ ልብሱ አልተቀየረም።

በዚያ ላይ የልብሱ ስፌት የሚያልፍበት ቦታ ክፉ ነበር። የእንግሊዝ ሞተሮች ሆድ እንደ ተገመሰ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ተከፍሎ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ ነው የሚጋጠመው። ስለዚህ መጋጠሚያው ዘይቱ በሚተኛበት በሆዱ ወለል በኩል ያልፋል። ማሽኖቻቸውም አርጅተው ስለነበር ሁለቱ ግማሾች ፊታቸው እንደ መስታወት ለጥ ብሎ አይገጥምም። ግፊት ከውስጥ፣ ዘይት ከሥር፣ ያልገጠመ ስፌት በመካከል። ውጤቱን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

የሚገርመን ችግሩ መኖሩ አይደለም። የሚገርመን እንዴት እንደተለመደ ነው። ነጂዎች ከሞተራቸው ሥር ካርቶን ያነጥፉ ነበር። “ዘይት ካላፈሰሰ ዘይት የለውም ማለት ነው” የሚል ቀልድ ተፈጠረ፤ “ሞተሬ ግዛቱን እያመለከተ ነው” የሚልም አለ። ቀልድ ጥሩ ነው፤ እኛም እንወዳለን። ነገር ግን ስሕተት ወደ ቀልድ ሲለወጥ፣ ከዚያም “የዚህ ሞተር ጠባይ ነው” ሲባል፣ የሚጠግነው ሰው ያጣል። ትሪያምፍ ያቺን የምትዞር ዲስክ ትቶ የሆዱን ትንፋሽ ወደ ጎን ባለው የሰንሰለት ክፍል፣ ከዚያም በሰፊ ቱቦ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደረገው በ1970 ሞዴሎቹ ላይ ነው። ከስፒድ ትዊን 33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ እንግዳው በር ላይ ቆሞ ነበር።

የአንጥረኛው ልጅ

ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 በጃፓን ሃማማትሱ አቅራቢያ ባለ መንደር ተወለደ። አባቱ አንጥረኛና ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ወናፍን ከእግሩ መትከል ጀምሮ ያውቀዋል ብንል አናጋንንም። ኩባንያውን በ1948 ካቋቋመ ከአራት ዓመት በኋላ አንድ የእብደት የሚመስል ነገር አደረገ። የኩባንያውን ካፒታል ብዙ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ አውጥቶ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመናዊ የብረት መቁረጫ ማሽኖች አዘዘ። ሊከስር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን የሁለት ብረት ፊት አንድ ላይ ሲገጥም ዘይት እንዳያሳልፍ ከተፈለገ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፊቱን ለጥ አድርጎ የሚያርስ ማሽን ነው።

በ1959 ሆንዳ በእንግሊዞች ጓሮ፣ በአይል ኦፍ ማን ውድድር ላይ ብቅ አለ። በ1961 እዚያው በ125 እና በ250 ሲሲ አሸነፈ። በመካከሉ፣ በ1960፣ ያው ኤድዋርድ ተርነር ጃፓን ሄዶ ፋብሪካዎቹን ጎብኝቶ ነበር። ያየውን የምርት ብዛትና የማሽኖቹን ጥራት በዘገባ ጽፎ አመጣ። ማስጠንቀቂያው ደረሰ። ተነበበም። ፋብሪካው ግን ያንኑ ሞተር መሥራቱን ቀጠለ።

በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 ለገበያ ቀረበ፦ አራት ሲሊንደር፣ 736 ሲሲ፣ በቁልፍ የሚነሣ፣ ከፊት በዲስክ የሚቆም። ጋዜጦች ስለ ፍጥነቱ ጻፉ። እኛ ግን ሆዱን እንይ። አራቱ ፒስተኖች በሁለት ጥንድ ተከፍለዋል፤ ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይወጣሉ። የሚወርዱት የሚገፉትን አየር የሚወጡት ይቀበሉታል። ትንፋሹ ከውስጥ ወደ ውስጥ ይዘዋወራል እንጂ የሆዱ ጠቅላላ ስፋት አይለዋወጥም ማለት ይቻላል። ሆዱም የተከፈለው ቁልቁል ሳይሆን አግድም ነው፤ እንደ ድስትና ክዳን። መጋጠሚያው ከወለሉ ከፍ ብሎ በዘንጉ ትክክል ያልፋል። ለሾለከው ጋዝ ብቻ መተንፈሻ ተበጀለት። ገዢው ማታ ሞተሩን ሳሎን ቢያቆመው ጠዋት ምንጣፉ ንጹሕ ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር እንበል። የእንግሊዝን ሞተር ሳይክል ዘይት ብቻ አልገደለውም። የእንግሊዝ መንግሥት ያስጠናው የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ የ1975 ዘገባ ጣቱን የጠቆመው በሌላ በኩል ነው፦ ኩባንያዎቹ የአጭር ጊዜ ትርፍ እያሳደዱ ትንንሾቹን ሞተሮች ለጃፓኖች እየለቀቁ ወደ ላይ መሸሻቸው፣ ጃፓኖቹ ደግሞ በብዛት እያመረቱ ዋጋ መጣላቸው። እውነት ነው። እኛ የምንለው፣ ጠፍጣፋ ያልታረሰው ስፌትና አዲስ ማሽን ያልገዛው ቦርድ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክት ናቸው። ሂሳብ መዝገቡ ላይ የማይታየው ነገር ጋራዡ ወለል ላይ ይታይ ነበር።

መጨረሻውም አላማረም። ቢኤስኤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። በ1973 የሜሪደን የትሪያምፍ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ሲባል ሠራተኞቹ በሩን ይዘው ተቀመጡ። በ1975 በመንግሥት ብድር የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ያንኑ መንትያ ሞተር እያሻሻሉ እስከ 1983 ታገሉ። በ1983 ተዘጋ።

ሆዱን ሳንባ ያደረገው ሰው

እስካሁን የሆድ ትንፋሽ ጠላት ነበር። አሁን ግን ገጸ ባሕርዩ ይቀየራል፤ ይኸው ትንፋሽ ጌታ የሆነበት ሌላ ዓይነት ሞተር አለና።

ከላይ ያወራነው ሁሉ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። በ1890ዎቹ መባቻ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በባዝ ከተማ አንድ ቀላል ሐሳብ አመጣ። ፒስተኑ ከሥሩ ወናፍ ከሆነ፣ ለምን አናሠራውም? ሆዱን አጥብቀን እንዝጋው። ፒስተኑ ሲወጣ ቤንዚንና አየር ወደ ሆድ ይሳብ፤ ሲወርድ ሆዱ ውስጥ ይታመቅና በጎን ባለ መተላለፊያ ሽቅብ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋ። ቫልቭ አያስፈልግ፣ በየዙሩ አንድ ቃጠሎ ይገኝ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህ ነው። ሆዱ የዘይት ቤት መሆኑ ቀርቶ ሳንባ ሆነ። ዘይት ማስቀመጫ ስለሌለውም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ያ ሰማያዊ ጭስ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ይህን ሳንባ ወደ ጥበብ ያደረሰው ዋልተር ካደን ነው። በ1919 በሳክሶኒ የተወለደ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሄንሼል የሚመራ ቦምብ ፕሮጀክት ላይ የሠራ መሐንዲስ። ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ቀረ። በ1953 በቾፓው ከተማ፣ የቀድሞው ዲካቬ ፋብሪካ በነበረበት፣ በኋላ ኤምዜድ በተባለው ድርጅት የውድድር ክፍል ኃላፊ ሆነ። በጀቱ ትንሽ፣ ዕቃው ጥቂት፣ የውጭ ምንዛሪ የለም።

ካደን ያለው ነገር ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱን አጠና። ዳንኤል ሲመርማን የተባለ ባለሙያ የጀመረውን፣ ከዘንጉ ጋር የምትዞር ቀጭን ዲስክ ተጠቅሞ ሆዱ መቼ እንደሚስብ መቼ እንደሚዘጋ በትክክል ወሰነ። (ልብ በሉ! ትሪያምፍ ትንፋሽ ለማስወጣት የተጠቀመባት ዓይነት ዲስክ፣ እዚህ ትንፋሽ ለማስገባት።) ከሆዱ ወደ ሲሊንደሩ ተጨማሪ መተላለፊያ ከፈተ። ማርሚታውንም ሰፍቶ የሚጠብብ አድርጎ ቀረጸው፤ ከጭሱ ጋር የሚሄደው የግፊት ማዕበል ጫፍ ደርሶ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ቤንዚን መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በ1961 የካደን 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ይህ በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው። ያለ ተጨማሪ አየር መጭመቂያ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሞተር ይሉታል።

በዚያው ዓመት ኤርንስት ዴግነር የተባለው የኤምዜድ ነጂ የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ሊያሸንፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ኦገስት 13 ቀን፣ በርሊን ላይ ግንብ መሠራት ጀመረ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ስዊድን ክሪስቲያንስታድ ላይ ውድድር ነበር። የዴግነር ሞተር መንገድ ላይ ተበላሸ። በዚያው ሰሞን ሚስቱና ልጆቹ መኪና ውስጥ ተደብቀው ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገሩ፤ እሱም ወደ ቡድኑ ሳይመለስ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተገኘው ሃማማትሱ፣ ሱዙኪ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይዞት የሄደው እውቀቱን ነው፤ ብዙዎች እንደሚተርኩት ጥቂት ዕቃዎችንና ንድፎችንም። በ1962 ሱዙኪ በዴግነር ነጂነት የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ባለ ሁለት ምት ሞተር የዓለም ሻምፒዮና ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ማንን እንውደድ? ዴግነር ቤተሰቡን ይዞ ከተዘጋ አገር ወጣ፤ ይህን ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ግንብ አላየም። ካደን ግን የዓመታት ልፋቱ በአንድ ሌሊት ተሻግሮ ሲሄድ እዚያው ቾፓው ቀረ። ኤምዜድ የዓለም ሻምፒዮና አንድም ጊዜ ሳያገኝ ቀረ። ካደን በ1996 አረፈ። ከ1975 እስከ 2001 በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፉት ሁሉ ግን የነዱት ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ማርሚታቸውም የካደንን ቅርጽ የያዘ።

ትንፋሽ በሕግ ሲያዝ

ሳንባ የሆነው ሆድ አንድ ዕዳ ነበረበት፤ ማርሚታው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ያልነደደ ቤንዚንና ዘይት ወደ ውጭ ያመልጣል። የዘይት ሆድ ያለው ባለ አራት ምትም ንጹሕ አልነበረም፤ መተንፈሻው በቀጥታ ወደ አየር ነበር የሚተፋው። ሎስ አንጀለስ በጭጋግ ታፍና ሳለ ተመራማሪዎች መኪኖች የሚበክሉት በጭስ ማውጫቸው ብቻ እንዳልሆነ ደረሱበት፤ ከሆዳቸው የሚወጣው ትንፋሽም ቀላል የማይባል ድርሻ ነበረው። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የሆዳቸውን ትንፋሽ መልሰው ወደ ሞተሩ እንዲስቡ ተደረገ። የሞተር ሳይክሎች ተራ የደረሰው በኋላ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በ1978 ሞዴሎች ጀመረ፤ ከሆድ የሚወጣ ትንፋሽ ወደ አየር እንዳይለቀቅም ተከለከለ።

መፍትሔው ሲያዩት ቀላል ነው። ከሆዱ የሚወጣው ቱቦ መሬት ላይ ከሚንጠለጠል ይልቅ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይገባል። ዘይቱ መንገድ ላይ ተለይቶ ይመለሳል፤ ጋዙ እንደገና ተስቦ ይቃጠላል። ዛሬ በከተሞቻችን የምናያቸው ባለ አራት ምት ሞተሮች ላይ ከሆዱ ተነሥታ ወደ ማጣሪያው የምትሄደው ጥቁር ቱቦ እሷ ናት። አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ ፈልጓት። ከታጠፈች ወይም በጭቃ ከተደፈነች ሆዱ ይታመቃል፤ “አዲስ ጋስኬት አስገብተን አሁንም ያፈስሳል” የሚባለው ሁሉ የጋስኬት ጥፋት አይደለም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ ቡፍ ቡፍ እያለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የፋሻ ነው። (ክዳኑን ለመካኒኩ ተዉለት፤ የጋለ ዘይት አይመከርም።)

ትንፋሹን በቅጡ መያዝ ከጽዳትም በላይ ሆኗል። ፒስተኖች እየተፈራረቁ በሚሠሩባቸው አራት ሲሊንደር ሞተሮች ውስጥ አየሩ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሯሯጥ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ የዘመኑ ፈጣን ሞተሮች በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ መተላለፊያ መስኮት ይከፈትላቸዋል። ያለ ተጨማሪ ቤንዚን ጉልበት ከዚያ ይገኛል፤ አየሩ የሚሄድበት ስላገኘ ብቻ።

ያው መንትያ፣ ሌላ ሆድ

ትሪያምፍ አልሞተም። በ1983 ጆን ብሎር የተባለ ቤት ሠሪ ስሙን ገዛና ለዓመታት በዝምታ ሠርቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሂንክሊ በተባለ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ይዞ ብቅ አለ። በ2001 ደግሞ ቦነቪል የሚለውን ስም መልሶ አመጣ፦ 790 ሲሲ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች።

የእነዚህ የሁለት ፒስተኖች አካሄድ እንዴት ነው? አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ልክ እንደ 1937ቱ። እንዲያውም ሆዱ ውስጥ በየዙሩ የሚጨመቀው አየር ከስፒድ ትዊን በጣም ይበልጣል። ግፊቱ አለ፣ ወናፉ አለ፣ የሚሾልከው ጋዝም አለ። ከሥሩ ካርቶን ግን አያስፈልገውም።

እኛን እዚህ ያቆመን ይህ ነው። ለዓመታት “መንትያ ሞተር ጠባዩ ነው፣ ያፈስሳል” ሲባል ኖሯል። ጠባዩ አልነበረም። ፊቱ ለጥ ብሎ የታረሰ ብረት፣ ትንፋሹ የሚሄድበት ሰፊ ቱቦ፣ በጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ በር ብቻ ነበር የጎደለው። ሦስቱም በ1950ዎቹ የታወቁ ነገሮች ናቸው። ማስጠንቀቂያውም በተርነር ዘገባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በየጠዋቱ ደግሞ በየጋራዡ ወለል ላይ በጥቁር ዘይት ይጻፍ ነበር።

ሞተር “ሆድ ይፍጀው” አይልም። በተበጀለት መውጫ ይተነፍሳል፤ ካልተበጀለት ደግሞ በስፌቱ።

ቸር እንሰንብት።